ጠረጴዛው ስር ያለችው ሳጥን

ሰሞኑን አንድ የቀድሞ ተማሪዬ ፎቶ ላከልኝ። መሥሪያ ቤቱ የገዛለት፣ ቁልፍ ሲጫን ከፍ ዝቅ የሚል ጠረጴዛ። «ቲቸር፣ የወደፊቱ ቢሮ ይኸው!» ይላል። የታሪክ አስተማሪ አይደለሁ፣ ዝም ማለት አልቻልኩም።

ቆሞ መሥራት አዲስ ነገር አይደለም ወዳጆቼ። ሮበርት ፕሮብስት የሚባል አሜሪካዊ ኸርማን ሚለር ለተባለ የፈርኒቸር ኩባንያ ጥናት ይሠራ ነበር። ሰው ቀኑን ሙሉ ተጎልቶ መዋሉ አእምሮውንም ሰውነቱንም ይጎዳል ባይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1964 «አክሽን ኦፊስ» ወጣ፤ ንድፉን የሠራው ጆርጅ ኔልሰን ነው፤ ቆመው የሚሠሩበት ከፍ ያለ ጠረጴዛም ነበረው። ውድ ስለነበር ብዙም አልተሸጠ። በ1968 ሁለተኛው መጣ፦ ሠራተኛው እንደ ሥራው ጠባይ የሚያሰፋቸው፣ የሚያጠባቸው ተነቃቃይ ግድግዳዎች። ኩባንያዎቹስ ምን አደረጉ? ግድግዳዎቹን በአራት ማዕዘን ገጥመው በትንሽ ቦታ ብዙ ሰው አጨቁባቸው። ኪዩቢክል የሚሉት ነገር እንዲህ ተወለደ። ፕሮብስት በ2000 ከመሞቱ በፊት ይህን ነገር አምርሮ ነቅፎታል። ምስኪን፣ ሰው ላላቅቅ ብሎ ሳጥን ሠራ!

አሁን ደግሞ ሴንሰር መጣ። በጃንዋሪ 2016 የለንደኑ ዴይሊ ቴሌግራፍ ጋዜጠኞች ጠዋት ሲገቡ ጠረጴዛቸው ስር ትንሽ ሳጥን ተገጥሞ አገኙ። በሙቀትና በእንቅስቃሴ ሰው መኖር አለመኖሩን የሚመዘግብ። አስተዳደሩ ኃይል ለመቆጠብ ነው አለ። ጋዜጠኞቹ ጮኹ፤ በዚያው ቀን ተነሳ። ጋዜጠኛ ስለሆኑ ጩኸታቸው ተሰማ እንጂ የሌላው ሠራተኛ ቢሆንማ...

ለተማሪዬ «እንኳን ደስ አለህ፣ ግን እስቲ ጎንበስ ብለህ ስሩን እየው» ብዬ ጻፍኩለት። አንብቦታል፤ እስካሁን ግን አልመለሰልኝም።