ከናንት እስከ ሲያትል

እ.ኤ.አ. በ1968 በፈረንሳይዋ ናንት ከተማ የሕፃናት ሐኪሙ ፖል ለሟንና ባልደረቦቻቸው የአልኮል ሱሰኛ ወላጆች ልጆች የሆኑ 127 ሕፃናትን መርምረው ተመሳሳይ የፊት ገጽታና የዕድገት መዘግየት እንዳዩባቸው ጻፉ። ጽሑፉ ከፈረንሳይ ውጭ ብዙም አልተሰማም።

በ1973 አሜሪካ ሲያትል ውስጥ ሐኪሞቹ ኬኔት ጆንስና ዴቪድ ስሚዝ ተመሳሳይ ምልክቶችን በላንሴት የሕክምና መጽሔት አወጡ፤ እናት በእርግዝናዋ ወቅት ስትጠጣ በፅንሱ ላይ ለሚደርሰው ለዚህ ጉዳት «የፅንስ አልኮል ሲንድሮም» የሚል ስያሜም ሰጡት። አጭር የዓይን ክፍተት፣ ቀጭን የላይኛው ከንፈር፣ ከአፍንጫ ሥር ያለው ስርጉድ መጥፋት መለያዎቹ ሆኑ።

ፊታቸው ምንም የማያሳይ፣ አእምሯቸው ግን የተጎዳ ልጆችስ?

በ1996 የአሜሪካ የሕክምና ኢንስቲትዩት መመዘኛውን አስፍቶ እነርሱንም አካተተ። ዛሬም ጉዳቱን ለብቻው የሚያረጋግጥ የደም ምርመራ የለም። ሐኪሙ የልጁን ዕድገትና ባሕርይ ይመረምራል፤ እናቲቱንም በእርግዝናዋ ወቅት ስለመጠጣቷ ይጠይቃል። ጥያቄው ያለ ወቀሳ ሊቀርብላት ይገባል።