ሚኒስትሪ ማንን መዘነ?

የአዲስ አበባ ወላጅ በሰፈሩ ያሉትን የመንግሥት ትምህርት ቤቶች ሲያወዳድር ለብዙ ዘመን የጠየቀው አንድ ጥያቄ ነው፤ «ሚኒስትሪ ስንት አሳለፈ?» የስምንተኛ ክፍል ፈተና ባወጣው መሥሪያ ቤት ስም «ሚኒስትሪ» ተብሎ ቀረ፤ የክፍሎቹ አደረጃጀት ሲለዋወጥም ስሙ አልለቀቀም። በ1950ዎቹ አጋማሽ ሰባተኛና ስምንተኛ ክፍል መለስተኛ ሁለተኛ ደረጃ ተብለው ለብቻቸው ቆሙ። የ1986ቱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ወደ አንደኛ ደረጃ ጠቀለላቸው፤ አዲሱ ሥርዓተ ትምህርት ደግሞ መካከለኛ ደረጃ ብሎ መልሶ ለያቸው። በዚህ ሁሉ ለውጥ ውስጥ ትምህርት ቤትን በስምንተኛ ክፍል ውጤት መመዘን ቀጠለ። እኔ ግን ይህ ሚዛን ተማሪውን እንጂ ትምህርት ቤቱን መዝኖ አያውቅም እላለሁ።

ምክንያቱ ከትምህርት ቤቶቹ አጀማመር ይነሣል። በ1900ዎቹ መግቢያ የተከፈተው የዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት ከግብፅ የመጡ የቅብጥ መምህራን ነበሩት፤ ከቀደሙት ተማሪዎቹም ብዙዎቹ የመኳንንት ልጆች ነበሩ። በ1917 ዓ.ም. የተከፈተው ተፈሪ መኰንን ከአልጋ ወራሹ ድጋፍና ከሐኪም ወርቅነህ እሸቴ አመራር ጋር ሥራ ጀመረ። እነዚህን የመሳሰሉት መምህርም፣ መጽሐፍም፣ ስምም ይዘው ተነሡ፤ ስማቸውን የሰማ ወላጅም ጎበዝ ልጁን ወደ እነሱ ላከ። ከተማው ሲሰፋ በየሰፈሩ የተከፈተው ትምህርት ቤት ግን ብዙ ጊዜ በፈረቃ ያስተምር ነበር። የጠዋቱ ልጅ ደብተሩን ሰብስቦ ሲወጣ የከሰዓቱ ልጅ ገና ባልቀዘቀዘው ዴስክ ላይ ይቀመጣል፤ ያልገባውን ሊጠይቅ የሚቆይበት ክፍል የለውም። ሁለቱን ትምህርት ቤቶች በአንድ የውጤት ዝርዝር ላይ ማሰለፍ ሩጫውን እኩል ያልጀመሩ ሯጮችን በመድረሻው ብቻ መዳኘት ነው።

ውጤቱ በፐርሰንታይል ይነገር የነበረበት ዘመንም ይህንኑ ያሳያል። ፐርሰንታይል ልጁ ከሌሎች ተፈታኞች መካከል የት ላይ እንደቆመ ይናገራል እንጂ ምን ያህል እንዳወቀ አይናገርም። ዘጠናን የተሻገረ ልጅ ሰፈሩን ያኮራ ነበር፤ ያ ልጅ ሰባተኛ ክፍል ሲገባ ምን ይዞ እንደመጣ ግን የሚጠይቅ አልነበረም።

ፈተናውን የሚያወድሱ ሰዎች ከባድ መከራከሪያ አላቸው፤ የድሀው ልጅ ከባለሥልጣን ልጅ እኩል የተቆጠረበት አንድ ወረቀት እሱ ነበር ይላሉ። እውነት ነው፤ ብዙ ልጆች በዚያ መሰላል ወጥተዋል፤ ፈተናው ይቅር የሚል ክርክርም የለኝም። ነገር ግን ልጁን በእኩል ዓይን ያየው ወረቀት የተማረበትን ቤት አላየም። ውድድር ከቀረ ትምህርት ቤቶች ይሰንፋሉ ለሚለውም መልሱ ውድድሩን ማስተካከል ነው፤ የተቀበሏቸውን ልጆች ከየት አንሥተው የት እንዳደረሱ እናወዳድር። ደካማ ልጅ ተቀብሎ በሁለት ዓመት ውስጥ አንብቦ የሚረዳ፣ አስልቶ የሚደርስበት ያደረገ የፈረቃ ትምህርት ቤት፣ ጎበዝ ተቀብሎ ጎበዝ ከሚያስወጣው ይልቅ የሠራው ሥራ ይበልጣል። የመምህራኑ ድካም የሚታየውም ልጁ በገባበትና በወጣበት መካከል ባለው ርቀት ነው።