በንጉሥ ፊት ላይ የታተሙ ሦስት ፊደላት

ቴምብር መሰብሰብን የልጅ ጨዋታ ነው ብለው የሚንቁ ባልደረቦች አሉኝ። እኔ ግን ታሪክ ሳስተምር ቴምብር ከመዝገብ ቤት ሰነድ ባላነሰ ጠቅሞኛል፤ መንግሥት ማንን ሊያስታውስ እንደሚሻ፣ ማንን መርሳት እንደሚቀለው በዚያች ትንሽ ወረቀት ላይ ይናዘዛልና።

በ1914 (ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) የህንድ ወታደሮች ወደ ፈረንሳይ፣ ወደ ሜሶፖታሚያና ወደ ምሥራቅ አፍሪካ ሲዘምቱ የተለየ ቴምብር ተዘጋጀላቸው። አዲስ ሥዕል ግን አልተሣለም። በንጉሥ ጆርጅ አምስተኛ ምስል ላይ «አይ.ኢ.ኤፍ.» የሚሉ ሦስት የእንግሊዝኛ ፊደላት ታተሙበት፤ «የህንድ ዘማች ጦር» ለማለት ነው። ከጦር ሜዳ በሚላከው ደብዳቤ ላይ ፊት ያለው ንጉሡ ነው፤ ወታደሩ ፊደል ብቻ ነው። ባሕር ተሻግረው ከዘመቱት ከአንድ ሚሊዮን በላይ ህንዳውያን መካከል ከ70,000 የሚበልጡት አልተመለሱም።

በ1947 ነጻ የወጣችው ህንድ እነዚህን ሰዎች ምን ትበላቸው? ቅኝ ገዥን በመቃወም የተወለደ መንግሥት የቅኝ ገዥውን ደመወዝ የበላውን ወታደር ጀግና ለማለት አንደበቱ ይተሳሰራል። በ1964 የሱባስ ቻንድራ ቦስ ቴምብሮች ወጡ፤ በ1968 ደግሞ ቦስ ያቋቋመው ጊዜያዊ መንግሥት 25ኛ ዓመት በቴምብር ታሰበ። የቦስ ጦር፣ እንደሚታወቀው፣ በጃፓን እጅ ከወደቁ የህንድ ምርኮኞች ብዙዎቹን አሰልፎ እንግሊዝን የወጋ ነው። ምርጫው አይገርመኝም። ነገር ግን ከፑንጃብ መንደር ለደመወዝ፣ ለመሬትና ለቤተሰብ ክብር የተመዘገበው ገበሬ ንጉሡን ወድዶ ነው የዘመተው ማለት እንዴት ይቻላል? (ልማዱስ መች ቀረ! ነጻይቱ ህንድ በ1962 በተባበሩት መንግሥታት ሥር ኮንጎ ለነበረው ጦሯ ያወጣችው ቴምብር፣ በአገሪቱ ካርታ ላይ ጽሑፍ የታተመበት የቀድሞው ቴምብር ነው። የእኛም ወታደሮች በዚያው ዘመን ኮንጎ ነበሩ።)

በ1998 ኢንድራ ላል ሮይ ቴምብር ላይ ወጣ። የካልካታ ተወላጅ፣ ለንደን የተማረ አብራሪ ነው፤ በጁላይ 1918 በሁለት ሳምንት ገደማ ውስጥ አሥር የአየር ድሎች ከተመዘገቡለት በኋላ ፈረንሳይ ሰማይ ላይ ተመትቶ ሲወድቅ ገና 19 ዓመቱ ነበር። ሰማንያ ዓመት መጠበቁን ልብ በሉ። የተማረው፣ የደህና ቤተሰብ ልጅ እንኳ ይህን ያህል ከጠበቀ እግረኛው ስንት ይጠብቅ? በ2019 አንደኛውን የዓለም ጦርነት የሚያስታውሱ በርካታ ቴምብሮች በአንድነት ታተሙ።

ነገሩ ከእኛም ቤት ይገባል። ተማሪ ሳለሁ ጣሊያንን ያስወጡት አርበኞቻችንና «የእንግሊዝ ጦር» እንደሆኑ ተማርኩ። በ1941 የከረንን ውጊያ የተሸከሙት ግን፣ በውስጣቸው የእንግሊዝ ሻለቆች ቢኖሩም፣ አራተኛውና አምስተኛው የህንድ ክፍለ ጦሮች ነበሩ። ሱባዳር ሪችፓል ራም እዚያው ወድቆ ከሞቱ በኋላ ቪክቶሪያ ክሮስ ተሸለመ። በመተማ በኩል ደግሞ ምክትል መቶ አለቃ ፕሬሚንድራ ሲንግ ባጋት ወደ ጎንደር በሚወስደው መንገድ ላይ የተቀበረውን ፈንጂ አራት ቀን ሙሉ ሲያነሣ ሰንብቶ ይህንኑ ኒሻን አገኘ። «እንግሊዝ» ብለን ያለፍነው አንዱ ይህ ሰው ነው።

ከረን ላይ ከፊታቸው የቆሙት ደግሞ ጣሊያኖች ብቻ አልነበሩም፤ የኤርትራ አስካሪዎችም ነበሩ። በሰው ባንዲራ ሥር ያለ ገበሬ በሌላ ሰው ባንዲራ ሥር ያለውን ገበሬ በአንድ ገደል ላይ ሲገድል ማለት ነው። ከሁለቱ ቴምብር የሚገባው የትኛው ነው ብዬ አንድ ጊዜ ክፍል ውስጥ ብጠይቅ አንዲት ተማሪ፣ «ቴምብሩን የሚያትመው ማን እንደሆነ መጀመሪያ ይንገሩን» አለችኝ። መልስ አልነበረኝም።

ከረን ውስጥ አስከሬናቸው በእምነታቸው ሥርዓት የተቃጠለ የሂንዱና የሲክ ወታደሮች መታሰቢያ ቆሟል። በእርሱ ላይ የእያንዳንዳቸው ስም አለ።