በአሜሪካ የአባላት ጅምላ መደብሮች ሞባይል መግዛት፡- አንድ ግዢ፣ ሁለት ውል

በአሜሪካ ዓመታዊ የአባልነት ክፍያ እያስከፈሉ በጅምላ ዋጋ የሚሸጡ ትላልቅ የመጋዘን መደብሮች ከዱቄትና ከዘይት አንስቶ እስከ መኪና ጎማ በሚደርሰው ሸቀጣቸው ይታወቃሉ። በእነዚሁ መደብሮች መግቢያ አካባቢ በሚገኙ አነስተኛ መሸጫዎች ተንቀሳቃሽ ስልክም ይሸጣል። ይሁን እንጂ ስልኩ የሚሸጥበት መንገድ ዘይቱና ጎማው ከሚሸጡበት የተለየ ነው። ደንበኛው በአንድ ጠረጴዛ ፊት ቆሞ ከሁለት ወገኖች ጋር የሚዋዋል ሲሆን፣ አንደኛው ወገን የሰጠው መብት ሌላውን አያስገድድም።

የዚህ ንግድ ፈር ቀዳጅ ሶል ፕራይስ ናቸው። እ.ኤ.አ በ1976 በካሊፎርኒያ ግዛት ሳን ዲዬጎ ከተማ፣ ቀድሞ የአውሮፕላን ማቆያ በነበረ ሕንፃ ውስጥ «ፕራይስ ክለብ» የተባለውን መደብር ከፈቱ። እ.ኤ.አ በ1983 ጄምስ ሲኔጋልና ጄፍሪ ብሮትማን በሲያትል ከተማ «ኮስትኮ»ን ያቋቋሙ ሲሆን፣ በዚያው ዓመት ዋልማርት የመጀመሪያውን «ሳምስ ክለብ» በኦክላሆማ ግዛት ከፍቷል። «ቢጄስ» በማሳቹሴትስ ሥራ የጀመረው በቀጣዩ ዓመት ነው። ፕራይስ ክለብና ኮስትኮ እ.ኤ.አ በ1993 ተዋህደዋል።

መደብሮቹ ከሸቀጥ የሚያገኙትን ትርፍ ዝቅ በማድረግ ልዩነቱን ከአባልነት ክፍያ ይሸፍናሉ። ኮስትኮ በታወቁ የንግድ ምልክቶች ላይ የሚጨምረው የትርፍ ህዳግ ከ14 በመቶ እንዳይበልጥ የሚያደርግ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ በ2024 በጀት ዓመት ከአባልነት ክፍያ ብቻ 4 ነጥብ 8 ቢሊዮን ዶላር ሰብስቧል። የዓመቱ የተጣራ ትርፍ 7 ነጥብ 4 ቢሊዮን ዶላር ገደማ እንደነበር ሲታሰብ ክፍያው ለድርጅቱ ያለው ክብደት ግልጽ ይሆናል። መደበኛው ዓመታዊ ክፍያ እ.ኤ.አ በሴፕቴምበር 2024 ከ60 ወደ 65 ዶላር ከፍ ብሏል። ያልረካ አባል ክፍያው ይመለስለታል።

በስልክ ሽያጭ ላይ ግን ይህ ስሌት ብዙም አይሠራም። የስልኩን ዋጋ በዋናነት የሚወስኑት አምራቹና የቴሌኮም አገልግሎት ሰጪው ኩባንያ ናቸው። በመሆኑም መደብሩ የሚያቀርበው ጥቅም ከስልኩ ዋጋ ይልቅ በዙሪያው ይታያል። የመስመር ማስጀመሪያ ክፍያን መተው፣ ከስልኩ ጋር መከላከያ ሽፋንና ቻርጀር ጨምሮ መስጠት፣ ወይም በመደብሩ ውስጥ ብቻ የሚያገለግል የስጦታ ካርድ መላክ የተለመዱ ናቸው። ካርዱ አብዛኛውን ጊዜ በዕለቱ አይሰጥም፤ መስመሩ ለተወሰነ ጊዜ ሥራ ላይ መቆየቱ ከተረጋገጠ በኋላ የሚላክ በመሆኑ የተስፋውን ቃል በጽሑፍ መያዝ ይገባል።

የመሸጫዎቹ ሠራተኞች የመደብሩ ቅጥረኞች ላይሆኑ ይችላሉ። በኮስትኮ ውስጥ የነበሩትን የስልክ መሸጫዎች ለረጅም ዓመታት ያስተዳድር የነበረው እ.ኤ.አ በ2004 በሲያትል የተቋቋመው «ዋየርለስ አድቮኬትስ» የተባለ ሌላ ኩባንያ ነበር። ይህ ኩባንያ እ.ኤ.አ በዲሴምበር 2022 ሥራውን በድንገት ሲያቆም ከ1 ሺህ 800 በላይ ሠራተኞች ከሥራ ተሰናብተዋል። መደብሩ ግን እንደወትሮው ክፍት ነበር። በመደብሩ ስም ተማምኖ ስልክ የገዛ ሰው የተዋዋለው ከማን ጋር እንደሆነ የሚያውቀው ብዙ ጊዜ እንዲህ ያለ ነገር ሲፈጠር ነው። ሻጩ የሚያገኘው ክፍያ በአመዛኙ ከቴሌኮም ኩባንያው የሚመጣ ኮሚሽን በመሆኑ፣ አንድ ስልክ ሊገዛ የመጣን ደንበኛ ሁለተኛ መስመር ወይም ታብሌት እንዲጨምር ማግባባቱ የሚያስገርም አይደለም።

የመደብሮቹ ትልቁ መስህብ የዕቃ መመለሻ መብት ነው። ኮስትኮ ቀደም ሲል በኤሌክትሮኒክስ ዕቃዎች ላይ የጊዜ ገደብ አልነበረውም። ከዓመታት በኋላ ቴሌቪዥን እየመለሱ አዲስ የሚወስዱ ደንበኞች በመብዛታቸው፣ እ.ኤ.አ በ2007 ገደቡን 90 ቀን አድርጓል፤ ተንቀሳቃሽ ስልክም በዚሁ ውስጥ ይካተታል። በሌሎቹ መደብሮች ለስልክ የሚፈቀደው ጊዜ ከዚህ ሊያጥር ስለሚችል ደረሰኙን ማንበብ ያስፈልጋል።

ችግሩ የሚነሳው የቴሌኮም ኩባንያዎቹ የራሳቸው ገደብ ስላላቸው ነው። በራሳቸው ሱቆች ኤቲ ኤንድ ቲ 14 ቀን፣ ቬራይዘን ደግሞ 30 ቀን ሲሰጡ ቆይተዋል። አንድ ደንበኛ ስልኩን በ60ኛው ቀን ወደ መደብሩ ቢመልስ መደብሩ ዕቃውን ሊቀበለው ይችላል። ከቴሌኮም ኩባንያው ጋር የተፈረመው ውል ግን በዚሁ ብቻ አይፈርስም። ደንበኛው ለኩባንያው ሳያሳውቅ ስልኩን መልሶ ከሄደ በእጁ ለሌለ ስልክ ወርሃዊ ሂሳብ ሊመጣበት ይችላል። ስለሆነም በሚመልስበት ዕለት መሸጫው የስልኩን ዕዳ ከሂሳቡ ላይ ማሰረዙን ማረጋገጥና ማስረጃውን መያዝ ይኖርበታል።

የውሉ ዓይነት ባለፉት ዓመታት ተለውጧል። እ.ኤ.አ በ2000ዎቹ ደንበኛው ለሁለት ዓመት ይፈርምና ስልኩን በርካሽ ይወስድ ነበር፤ ውሉን ቀድሞ ካቋረጠ ይቀጣል። ቬራይዘን እ.ኤ.አ በኖቬምበር 2009 ለዘመናዊ ስልኮች ይህን ቅጣት ከ175 ወደ 350 ዶላር ከፍ ማድረጉ ብዙ አነጋግሯል። ቲ-ሞባይል እ.ኤ.አ በ2013 የሁለት ዓመት ውልን ያስቀረ ሲሆን፣ ሌሎቹም በቀጣዮቹ ዓመታት ተከትለውታል።

ቅጣቱ በስም ቢቀርም በሌላ መልክ ቀጥሏል። ለምሳሌ ዋጋው 900 ዶላር የሆነ ስልክ በ36 ወራት ሲከፈል ወርሃዊ ክፍያው 25 ዶላር ይሆናል። ኩባንያው «ስልኩ በነፃ ነው» ሲል በየወሩ 25 ዶላር ጠይቆ፣ በዚያው ሂሳብ ላይ 25 ዶላር ቅናሽ ይይዛል ማለት ነው። ደንበኛው ከ14 ወር በኋላ ወደ ሌላ ኩባንያ ለመዛወር ቢፈልግ ቅናሹ ይቆማል። የቀሩት 22 ወራት ክፍያ፣ ማለትም 550 ዶላር፣ በአንድ ጊዜ ይጠየቃል። ይህ ከቀድሞው ቅጣት ይበልጣል። ቅናሹን ለማግኘትም ውድ የሆነውን ወርሃዊ አገልግሎት መምረጥ ብዙ ጊዜ ግዴታ ነው፤ በወር የ20 ዶላር ልዩነት በ36 ወራት 720 ዶላር ይሆናልና «ነፃው» ስልክ ነፃ አይደለም። እንደ ካሊፎርኒያ ባሉ ግዛቶች ደግሞ የሽያጭ ታክስ የሚሰላው በሙሉ ዋጋው ላይ ነው፤ ታክሱ 9 በመቶ ቢሆን ገዢው በዕለቱ 81 ዶላር ይከፍላል።

ወደ አገሪቱ አዲስ ለገቡ ሰዎች ጉዳዩ ሌላ ገጽታ አለው። የቴሌኮም ኩባንያዎች በረጅም ጊዜ ክፍያ ስልክ ከመስጠታቸው በፊት የአመልካቹን የብድር ታሪክ ይመረምራሉ። ታሪክ የሌለው ሰው መያዣ ገንዘብ ወይም ከፍ ያለ ቅድመ ክፍያ ሊጠየቅ ይችላል፤ የመደብሩ አባል መሆን በዚህ ረገድ ምንም አያግዝም። በዚህም ምክንያት ብዙዎች ቀድሞ በመጣ ዘመድ ስም መስመር ያወጣሉ። ስሙን የሰጠው ሰው ለሁሉም መስመሮችና ስልኮች ዕዳ ብቻውን ተጠያቂ በመሆኑ፣ አንዱ ሥራ ቀይሮ ወደ ሌላ ግዛት ሲሄድ የሚቀረው ሂሳብ በእሱ ላይ ይወድቃል። በዝምድና የተጀመረ ውለታ በዕዳ ሰብሳቢ ደብዳቤ የሚያበቃበት ጊዜ አለ።

ስልኩ ለቤተሰብ ወደ ኢትዮጵያ የሚላክ ከሆነ ደግሞ ከዋጋው በፊት መታየት ያለበት ቁልፉ ነው። በረጅም ጊዜ ክፍያ የተወሰደ ስልክ አብዛኛውን ጊዜ ለአንድ ኩባንያ መስመር ብቻ የተቆለፈ ነው። ዕዳው ተከፍሎ ካላለቀና የኩባንያው ሌሎች መስፈርቶች ካልተሟሉ አይከፈትም፤ በመሆኑም የኢትዮ ቴሌኮምም ሆነ የሳፋሪኮም ኢትዮጵያ ሲም ካርድ አይቀበልም። እ.ኤ.አ በኦገስት 2014 የጸደቀው የአሜሪካ ሕግ ሸማቹ ስልኩን እንዲያስከፍት ቢፈቅድም፣ ዕዳ ያለበትን ስልክ ኩባንያው እንዲከፍት አያስገድድም። ክፍያው ከተቋረጠ የስልኩ መለያ ቁጥር በኩባንያዎች የእገዳ መዝገብ ውስጥ ሊገባ የሚችል መሆኑም መታወስ አለበት።

ከዚህም ባሻገር ከአይፎን 14 ጀምሮ፣ ማለትም እ.ኤ.አ ከ2022 አንስቶ፣ በአሜሪካ ለገበያ የቀረቡት ዋና ዋና የአይፎን ሞዴሎች የሲም ካርድ ማስገቢያ የላቸውም፤ የሚሠሩት በኢ-ሲም ብቻ ነው። ተቀባዩ አዲስ አበባ ሆኖ ካርዱን ይዞ ማስገቢያውን ቢፈልግ አያገኘውም፤ መስመሩን በአገልግሎት ሰጪው በኩል ወደ ኢ-ሲም ማስቀየር ይኖርበታል።

ለመላክ የሚገዛ ስልክ ያልተቆለፈና ሙሉ ዋጋው የተከፈለ ቢሆን ይመረጣል። መደብሮቹ እንዲህ ያሉ ስልኮችን ሲያቀርቡ ምርጫው ውስን ነው፤ ይሁንና ግዢው ከመደብሩ ጋር ብቻ ስለሚሆን ውሉ አንድ ይሆናል። ገዢው ስልኩን ከመላኩ በፊት *#06# በመደወል መለያ ቁጥሩን ከደረሰኙ ጋር ማመሳከር፣ እንዲሁም የሌላ ኩባንያ መስመር አስገብቶ መሞከር ይችላል። ይህን ሁሉ የመመለሻው 90 ቀን ሳያልቅ፣ ስልኩ ገና በእጁ እያለ ማድረግ ይኖርበታል፤ ከአዲስ አበባ ወደ ሲያትል ወይም ወደ ዋሽንግተን ዲሲ መልሶ መላክ ከስልኩ ዋጋ ላይ ቀላል የማይባል ወጪ ይጨምራልና።