ያልጎደለው ማሰሮ፦ ኀዘንተኛን የማጽናናት አገልግሎት በለንደን

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

ኀዘንተኛን ማጽናናትና መደገፍ ከቤተ ክርስቲያን ጋር አብሮ የተወለደ አገልግሎት ነው። በኢየሩሳሌም መበለቶች በዕለታዊው የማዕድ አገልግሎት ቸል በመባላቸው ቅሬታ በተነሣ ጊዜ፣ ሐዋርያት ለዚሁ ሥራ 7 ዲያቆናትን ሾሙ። ባሏ የሞተባት ሴት የዕለት ኑሮ የምእመናን ሁሉ ኀላፊነት መሆኑ ከዚያ ዘመን ጀምሮ የታወቀ ነው። ይኸው አገልግሎት በምንኖርባት በለንደን በቅርብ ዘመን የያዘውን መልክ ማወቅ ለደብራችን ይጠቅማልና ታሪኩን በአጭሩ እናቀርባለን።

እ.ኤ.አ. በ1959 ማርጋሬት ቶሪ በሪችመንድ መበለቶችን የሚረዳ የበጎ አድራጎት ድርጅት መሠረቱ። ስሙንም «ክሩዝ» አሉት፤ ይህም የሰራፕታዋ መበለት ዘይት የነበረበት ማሰሮ በቀድሞው የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ቅዱስ የሚጠራበት ቃል ነው። ታሪኩን ለሚያውቅ ስሙ ብዙ ይናገራል። ነቢዩ ኤልያስ ማሰሮው እንደማይጎድል ተናግሮ ወዲያው አልሄደም፤ በቤቷ ሰነበተ፣ ልጇ በሞተ ጊዜም አብሯት ነበረ። ድርጅቱም ከማጽናናቱ ጋር ስለ ገንዘብ፣ ስለ መኖሪያ ቤትና ስለ ልጆች አስተዳደግ ይመክር፣ ብቸኞቹን እርስ በርስ ያገናኝ ነበር። በኋላም በሩን ሚስቶቻቸው ለሞቱባቸው ወንዶች፣ ቀጥሎም ለማንኛውም ኀዘንተኛ ከፈተ።

በ1967 ደግሞ ሲስሊ ሳንደርስ በደቡብ ምሥራቅ ለንደን፣ በሲደናም፣ በመንገደኞች ጠባቂ በቅዱስ ክርስቶፎሮስ ስም ለሞት የተቃረቡ ሕሙማን የሚታከሙበትን ቤት ከፈቱ። አስቀድሞ ነርስ፣ ቀጥሎ የማኅበራዊ አገልግሎት ባለሙያ፣ በመጨረሻም ሐኪም የሆኑት እኒህ ክርስቲያን፣ የሕመምተኛ ሥቃይ የሥጋ፣ የአእምሮ፣ የማኅበራዊ ኑሮና የመንፈስ መሆኑን አስተማሩ። ሕመምተኛው ካረፈ በኋላም ቤተሰቡ አልተረሳም። የአእምሮ ሐኪሙ ኮሊን መሪ ፓርክስ ባደራጁት አገልግሎት የሠለጠኑ በጎ ፈቃደኞች ኀዘንተኞችን ይጎበኙ ጀመር።

ይህ ሁሉ ለእኛ እንግዳ አይደለም። ከሣልስቱ እስከ አርባው፣ ከሰማንያው እስከ ሙት ዓመቱ ቤተ ክርስቲያናችን ስለ ሟች ነፍስ ትጸልያለች፤ በዚያውም ኀዘንተኛው ብቻውን እንዳይሆን ወገን ይሰበሰባል። በሀገር ቤት እድሩ ድንኳን ይተክላል፣ ጎረቤት ንፍሮ ይቀቅላል፣ የንስሐ አባት ደጋግመው ይጠይቃሉ። በስደት ግን መርዶ በስልክ ይመጣል። እናቱን ያጣ ልጅ ለቀብሯ ሳይደርስ በማግሥቱ ሥራ ይገባል። በመጀመሪያው ሳምንት ቤቱን የሞላው ለቅሶ ደራሽም ከአርባው በኋላ ይሳሳል፤ ኀዘኑ የሚከብደው ብዙ ጊዜ ያን ጊዜ ነው።

ስለዚህ በዚህ የምስጋና በዓል አንድ ነገር እናሳስባለን። ካህናትና የሰንበት ትምህርት ቤት ወጣቶች የኀዘንተኞችን ስም መዝግበው ከአርባው እስከ ሙት ዓመቱ ይጎብኟቸው። ኀዘኑ ለጸናበትም፣ የሠለጠነ አማካሪ ዘንድ መሄድ የንስሐ አባቱን ምክር መተው እንዳልሆነ ይነገረው። የሰራፕታዋን መበለት ማሰሮ የባረከ አምላክ የደብራችንን የፍቅር ማሰሮ አያጉድልብን፤ ያረፉትን ነፍስ ይማር፣ የቀሩትንም ያጽና።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር፤ ወለወላዲቱ ድንግል፤ ወለመስቀሉ ክቡር።