የልብና የደም ሥር በሽታ አጋላጭ ሁኔታዎች በወጣቶች፦ ጋሞ ዞንና ምዕራብ ዓባያ

አጋላጭ ሁኔታ የሚባለው በሽታ የመያዝን ዕድል ከፍ የሚያደርግ ልማድ፣ ሕመም ወይም የሰውነት ለውጥ ሲሆን፣ የልብና የደም ሥር በሽታ አጋላጮች አብዛኞቹ በልጅነትና በወጣትነት ተጀምረው ምልክት ሳያሳዩ ለዓመታት ይቆያሉ። በጋሞ ዞን፣ በአርባ ምንጭ ከተማም ሆነ ከዓባያ ሐይቅ በስተምዕራብ በተዘረጋው የምዕራብ ዓባያ ወረዳ፣ ወጣቱ ለነባርና ለአዲስ አጋላጮች በአንድ ጊዜ ይጋለጣል።

ነባሩ አጋላጭ ስትሬፕቶኮከስ በተባለ ባክቴሪያ የሚመጣና ያልታከመ የጉሮሮ ሕመም ነው። ሕመሙ በተለይ ከ5 እስከ 15 ዓመት ባሉ ልጆች ላይ፣ ከሁለት ወይም ከሦስት ሳምንት በኋላ የሩማቲክ ትኩሳትን ሊያስከትል ይችላል፤ በዚህ ጊዜ የሰውነት መከላከያ ኃይል የራሱን ልብ ስለሚያጠቃ፣ ቫልቭ የሚባሉት የልብ በሮች ይጎዳሉ። ፔኒሲሊን በወቅቱ ከተሰጠ ጉዳቱን ይከላከላል፤ አንዴ በሩማቲክ ትኩሳት የታመመ ልጅም የፔኒሲሊን መርፌ በየሦስት ወይም በየአራት ሳምንቱ መውሰድ ይኖርበታል።

አዲሶቹ አጋላጮች ከአኗኗር ጋር የተያያዙ ናቸው። በኢትዮጵያ በ2015 እ.ኤ.አ. ከ15 እስከ 69 ዓመት ባሉ ሰዎች ላይ የተካሄደው አገር አቀፍ ጥናት፣ ከመቶ 16 ያህሉ ከፍተኛ የደም ግፊት እንዳለባቸውና በጥናቱ የተካተቱት ሰዎች አማካይ የዕለት ጨው ፍጆታ ከሚመከረው 5 ግራም በላይ እንደሆነ አሳይቷል። ትንባሆ የደም ሥሮችን ግድግዳ ሲጎዳ፣ ጫት በያዘው ካቲኖን የልብ ምትን ያፋጥናል፣ ግፊትንም ከፍ ያደርጋል፤ የአልኮል መጠጥ መብዛትም ግፊትን ይጨምራል። አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ከ21 ዓመት በታች ለሆኑ ሰዎች ትንባሆና አልኮል መሸጥን ከልክሏል።

በአካባቢው የሙዝና የማንጎ ምርት፣ የሐይቁ ዓሣ፣ የሽፈራው (ሞሪንጋ) ቅጠል ከበቆሎ ጋር የሚበላበት ባህልና የእርሻ ሥራም ለልብ ጠቃሚ ናቸው፤ ሆኖም ሽፈራው በሐኪም የታዘዘን መድኃኒት አይተካም። ግፊት አብዛኛውን ጊዜ ሕመም ስለማይሰማበት፣ በጤና ጣቢያ ለሌላ ጉዳይ የመጣ ወጣትም እንዲለካ ማድረግና የልጅን የጉሮሮ ሕመም ቸል አለማለት፣ ሁለቱንም አደጋዎች ገና ሳይከፉ ለመግታት የሚያስችሉ ቀላል ርምጃዎች ናቸው።