የ35 ዓመቱ አዲስ ሰው

የአሜሪካን ፉትቦል ማየት ስጀምር ዓይኔ ኳሱን ብቻ ነበር የሚከተለው። መሀል ላይ የሚጋፉት አምስት ግዙፍ ሰዎች ምን እንደሚሠሩ የገባኝ ቆይቶ ነው። ኦፌንሲቭ ላይን ይባላሉ። ነጥብ አያስቆጥሩም ማለት ይቻላል፤ ሥራቸው ኳሱን የሚወረውረውን ኳርተርባክ መጠበቅና ለሯጩ መንገድ መክፈት ነው። መሀል ሴንተር፣ ከግራና ቀኙ ሁለት ጋርዶች፣ ዳር ላይ ሁለት ታክሎች። ኳርተርባኩ ቀኝ እጁን የሚጠቀም ከሆነ የግራው ታክል ጀርባውን ይጠብቅለታል።

እ.ኤ.አ. በ2016 የሎስ አንጀለስ ራምስ ወጣቱን ጃሬድ ጎፍን በመጀመሪያ ምርጫ አመጡት። ሰባት ጨዋታ ጀመረ፣ ሰባቱንም ተሸነፈ። በነዚያ ጨዋታዎች 26 ጊዜ ኳሱን ሳይወረውር መሬት ላይ ተጣለ። ቡድኑ በዓመቱ 224 ነጥብ ብቻ አስቆጥሮ ከ32ቱ ቡድኖች መጨረሻ ሆነ። ብዙ ሰውም «ይሄ ልጅ አይሆንም» አለ።

በ2017 መጋቢት ራምስ አንድሩ ዊትወርዝን አስፈረሙ። 35 ዓመቱ ነው፤ ከአዲሱ አሠልጣኝ ከሾን ማክቬይ ይበልጣል። በሲንሲናቲ ቤንጋልስ 11 የውድድር ዘመን ተጫውቷል። የግራ ታክል ቦታ ተሰጠው። ነገሩ ግን እዚያ አላበቃም። ቦታው በ2014 በሁለተኛ ምርጫ የመጣው የግሬግ ሮቢንሰን ነበር። እሱን ወደ ቀኝ ታክል ወሰዱት። የቀኝ ታክሉ ሮብ ሄቨንስታይን ደግሞ ወደ ጋርድ ተገፋ። አንድ ሰው ሲገባ ሁለት ሰዎች ከለመዱት ቦታ ተነሡ ማለት ነው።

ሰኔ ላይ ሮቢንሰን ወደ ዲትሮይት ተላከ። ሄቨንስታይን ወደ ቀድሞ ቦታው ተመለሰ፣ ጄመን ብራውን ቀኝ ጋርድ ሆነ፣ ሮጀር ሳፎልድ በግራ ጋርድ፣ ሌላው አዲስ አንጋፋ ጆን ሱሊቫን መሀል ላይ ቆሙ።

በዚያ ዓመት ጎፍ በ15 ጨዋታ የተጣለው 25 ጊዜ ነው። ራምስ 478 ነጥብ አስቆጥረው ከሊጉ አንደኛ ሆኑ፤ 11 ጨዋታም አሸነፉ። ምስጋናው የዊትወርዝ ብቻ አይደለም፤ አሠልጣኙም ኳስ ተቀባዮቹም ተቀይረዋል። ግን «አይሆንም» የተባለው ልጅ ያው ልጅ ነው።

እኔ ሶፍትዌር ነው የምሠራው። ልምድ ያለው ሰው ሲቀጠር «እሱ ምን ይሠራልናል?» ብለን ብቻ እንጠይቃለን። እሱ ሲገባ ማን ከቦታው እንደሚነሣ፣ ማንስ ወደሚችልበት ቦታ እንደሚመለስ ግን አናስብም። ሮቢንሰን ላይ የደረሰውም ከዚህ ሒሳብ መውጣት የለበትም።

ዊትወርዝ የካቲት 2022 ላይ፣ በ40 ዓመቱ፣ ሱፐር ቦውል አሸነፈ። 23 ለ20። የተሸነፈው ቡድን ቤንጋልስ ነበር።